ከሴራሚኩ ሥር ያለው ሻወር

እንዴት ይሠራል?

ከግንባታ የተረፈ የግድግዳ ሴራሚክ ቤት ውስጥ ካለ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ይድፉትና ጀርባው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉ። ጠብታዋ ወዲያው ትሰፋለች፣ ሥፍራዋ ይጠቁራል፣ ከዚያ ትጠፋለች፤ ሸክላው ጠጥቷታል። አሁን ይገልብጡትና በሚያብረቀርቀው ፊቱ ላይ ይድገሙት። ጠብታዋ ክብ ሆና ትቀመጣለች፤ በጨርቅ እስክትጠረግ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም።

ውሃ የማያሳልፈው እንግዲህ ፊቱ ላይ የተቀባው ብርጭቆ መሰል ሽፋን ነው። እሱም የሚሸፍነው የእያንዳንዱን ሴራሚክ ፊት ብቻ ነው። በሴራሚክና በሴራሚክ መካከል ያለው ቀጭን መስመር የተሞላው በሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፣ ያሳልፋልም። ሻወር በተወሰደ ቁጥር ጥቂት ውሃ በእነዚህ መስመሮች ሰርጎ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ማስቀረት አይቻልም። ማድረግ የሚቻለው የገባው ውሃ የሚያልፍበት እንዳያገኝ ማገድና ወደ ፍሳሹ እንዲመለስ መንገድ ማበጀት ነው።

በቤት ውስጥ ሻወር ለመሥራት የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ይህን ነው። ሴራሚኩ ለእጥበት፣ ለጥንካሬና ለውበት ነው። ውሃውን የሚያግደው ከሥሩ የሚቀባው ውሃ መከላከያ ነው። የሥራው ቅደም ተከተል በሙሉ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ተዳፋቱ

ሻወር ወለል ላይ ዝቅታው ለዓይን አይታወቅም፤ ስለዚህ በግምት አይሠራም። ግንበኞች ስሎፕ የሚሉት ተዳፋት የተለመደ ልኩ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲም መውረድ ነው። ከዚህ ካነሰ ውሃው ይተኛል፤ ከመጠን ከበዛ ደግሞ ሳሙና በነካው ወለል ላይ መቆም ያስቸግራል።

ፍሎር ድሬኑ፣ ማለትም የወለሉ ውሃ መውረጃ፣ መሃሉ ላይ የሆነ 90 በ90 ሳንቲም ወለል እንውሰድ። ከመሃል እስከ ጥግ 64 ሳንቲም ገደማ ስለሆነ ጥጉ ከፍሎር ድሬኑ አፍ በ1.3 ሳንቲም ከፍ ይላል። ከመሃል እስከ ግድግዳው ያለው አጭሩ ርቀት 45 ሳንቲም ብቻ ቢሆንም እዚያም ከፍታው ያው 1.3 ይሁን። የወለሉ ዙሪያ በሙሉ እኩል ከፍታ ላይ ካልዋለ የመጀመሪያው የግድግዳ ሴራሚክ ረድፍ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ፍሎር ድሬኑ ጥግ ላይ ከሆነ ግን የሩቁ ጥግ 1.27 ሜትር ይርቃል፤ ከፍታውም ወደ 2.5 ሳንቲም ያድጋል።

ዙሪያውን እኩል ለማድረግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ውሃ የተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ ይበቃል። ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ እስከሌለ ድረስ በሁለቱ ጫፎች ያለው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። አንዱን ጫፍ አንድ ጥግ ላይ፣ ሌላውን በተራ በሌሎቹ ጥጎች ላይ እየያዙ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነው።

ወደ መሃል ከአራት አቅጣጫ የሚያዘነብል ወለል ትልቅ ሴራሚክ አይቀበልም፤ 60 በ60 የሆነ ሴራሚክ አይታጠፍምና። ለእንዲህ ያለው ወለል ትናንሽ ሴራሚክ ይመረጣል፤ መጋጠሚያው ስለሚበዛ እግርም አያንሸራትትም። ትልቁን የወደደ ሰው ረጅም የፍሳሽ መስመር በአንዱ ግድግዳ ሥር አስገብቶ ወለሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማዘንበል ይችላል። የሚያብረቀርቅ የግድግዳ ሴራሚክ ወለል ላይ መነጠፍ የለበትም፤ እርጥብ ሲሆን ሰው ይጥላል።

ተዳፋቱ መሠራት ያለበት ከውሃ መከላከያው በታች ነው። ውሃ መከላከያው ለጥ ባለ ወለል ላይ ተቀብቶ ተዳፋቱ ከላዩ ከመጣ፣ ሰርጎ የገባው ውሃ ሲሚንቶው ውስጥ ታቁሮ ይቀራል። ታጥቦ የማይለቅ የሻወር ሽታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሣል።

ሽታን የሚያግደው ውሃ

ሌላው የሽታ መንገድ የፍሳሽ ቱቦው ራሱ ነው። ከፍሎር ድሬኑ ሥር ያለው ሲፎን የሚሠራው በጣም ቀላል በሆነ ዘዴ ነው፤ የታጠፈው ክፍሉ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይይዛል፣ ያ ውሃ ደግሞ ከፍሳሹ የሚመጣውን የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይዘጋል። ኤስ ቅርጽ ላለው ሲፎን እ.ኤ.አ. በ1775 የባለቤትነት መብት ያገኘው አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ መርሁ አልተለወጠም።

ሽታውን የሚያግደው ውሃ ጥልቀቱ 5 ሳንቲም ያህል ሲሆን በደንብ ይሠራል። ቱቦው ደግሞ ከ50 ሚሊ ሜትር ባይጠብ ይመረጣል። ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ሻወር ቢሸት ከመደናገጥ በፊት አንድ ጆግ ውሃ ይጨምሩበት፤ ሲፎኑ ውስጥ የነበረው ውሃ ተንኖ ሊሆን ይችላል።

ውሃ መከላከያው

ብዙ ቤቶቻችን የተሠሩት ሆዱ ባዶ በሆነ ብሎኬት ነው። በልስኑ አልፎ ብሎኬቱ ውስጥ የገባ ውሃ በባዶው ሆድ ወርዶ ከገባበት ርቆ ይወጣል። መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የታየው እርጥበት ምንጩ ሻወሩ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የእርስዎ ወለል የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ነው።

በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው አመቺ የሆነው በብሩሽ የሚቀባው ዓይነት ነው፤ ዱቄቱና ፈሳሹ ተቀላቅለው የሚቀባ፣ ሲደርቅም መጠነኛ መለጠጥ ያለው። ሲሚንቶ በውሃ በጥብጦ መቀባት ይህን አይተካም። ግትር ስለሆነ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ደግሞ ውሃ ያልፋል። ለጣሪያ የምናውቀው በእሳት የሚለጠፍ የሬንጅ ሜምብሬን ውሃ ያግዳል፤ ነገር ግን ሴራሚክ በቀጥታ አይያዝበትም፣ በላዩ ሌላ የሲሚንቶ ንጣፍ ይፈልጋል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ልስኑና የወለሉ ሲሚንቶ ጠንክረው ከአቧራና ከቅባት ይጽዱ። በሲሚንቶ ለተሠራው ዓይነት ፊቱን በውሃ ያረጥቡታል፤ ውሃ ግን አይቆምበትም። መጀመሪያ የሚሠሩት ጥጎቹ ናቸው፤ ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት፣ ሁለት ግድግዳ የሚጋጠምበት፣ ቧንቧ የሚወጣበትና የፍሎር ድሬኑ አንገት። እነዚህ ቦታዎች ላይ ቅቡ እርጥብ ሳለ ለዚሁ የተሠራ የጨርቅ ቴፕ ይለጠፍና በላዩ እንደገና ይቀባል። ወለልና ግድግዳ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ቀድሞ የሚቀደደው እዚያ ነው።

ከዚያ መላው ወለልና ግድግዳ ይቀባል። ግድግዳው ቢያንስ እስከ ሻወሩ ራስ ከፍታ፣ ማለትም ወደ 2 ሜትር ይድረስ። የመጀመሪያው ቅብ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ከቀቡ አሁን ከግራ ወደ ቀኝ። የመጀመሪያው ብሩሽ የዘለላትን ቀዳዳ ሁለተኛው የሚያገኛት እንዲህ ሲደረግ ነው። በሁለቱ መካከል የሚጠበቀውን ሰዓት ከከረጢቱ ላይ ያንብቡ፤ በዚህ አይቸኩሉ።

የ24 ሰዓቱ ፈተና

ቅቡ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቆ ከደረቀ በኋላ፣ አንድም ሴራሚክ ሳይለጠፍ፣ ፍሎር ድሬኑን በደንብ ይወትፉና ወለሉን ውሃ ይሙሉት። ጥልቀቱ ሁለት ሦስት ሳንቲም ይበቃል፤ ብቻ ከሻወሩ ደፍ አይለፍ። የውሃውን ጫፍ በእርሳስ ያመልክቱና 24 ሰዓት ይተዉት።

ውሃ ይተናልና በማግስቱ ትንሽ ቢቀንስ ጥርጣሬ ይፈጠራል። ጥርጣሬውን የሚያጠፋ ቀላል ዘዴ አለ። ከሻወሩ አጠገብ ቀጥ ያለ ግድግዳ ባለው ሳፋ ውሃ ያስቀምጡና እሱንም ያመልክቱ። በማግስቱ የሁለቱም ውሃ በእኩል መጠን ከቀነሰ የወሰደው አየሩ ነው። ወለሉ ላይ ያለው ከሳፋው አብልጦ ከወረደ ግን መውጫ አግኝቷል። ከሥር ጎረቤት ካለ ጣሪያውን እንዲያዩ አስቀድመው ይንገሯቸው። በዚህ ቀን የተገኘ ቀዳዳ በአንድ ብሩሽ ይደፈናል፤ ከዓመት በኋላ የተገኘ ግን ሴራሚኩን በሙሉ ያስነሣል።

ሴራሚኩን መለጠፍ

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃው ስለተነነ አይደለም፤ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ አዲስ ነገር ስለሚሆን ነው። ግንበኛ አዲስ ኮንክሪት ላይ ለቀናት ውሃ የሚያጠጣው ለዚህ ነው። በአሸዋና በሲሚንቶ ሴራሚክ የሚለጥፉ ባለሙያዎችም ሴራሚኩን አስቀድመው ባልዲ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። የግድግዳ ሴራሚክ ከክብደቱ 10 በመቶ የሚበልጥ ውሃ ሊጠጣ ይችላል፤ ያልተዘፈዘፈ ከሆነ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ሳይጠነክር ያስቀረዋል። ፖርሰሊን የሚጠጣው ቢበዛ 0.5 በመቶ ስለሆነ ተራ የአሸዋና ሲሚንቶ ቅልቅል በደንብ አይዘውም። እሱ በከረጢት የሚሸጠውን ማጣበቂያ ይፈልጋል። ማጣበቂያው ውሃ የሚያቆይ ንጥረ ነገር ስላለው ሴራሚክ መዘፍዘፍን አይጠይቅም።

ማጣበቂያው እንደ ገንፎ ይቦካና ለጥቂት ደቂቃ አርፎ እንደገና ይማሰላል። በጥርሳም መቀቢያ ግድግዳው ላይ ይሰመራል፤ መስመሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂዱ፣ ሴራሚኩም ተጭኖ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይበል። መስመሮቹ ተደፍጥጠው አየሩን ያስወጣሉ። በሴራሚኩ አራት ጥግና መሃል ላይ ጉብ ጉብ አድርጎ መለጠፍ ቶሎ ይሄዳል፤ ሻወር ውስጥ ግን በጉብታዎቹ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ውሃ ይቋጥራል፣ ነገር ሲወድቅበትም ሴራሚኩ ይሰበራል።

በየመካከሉ አንድ ሴራሚክ አላቅቀው ጀርባውን ይዩ። በእርጥብ ቦታ 95 በመቶው በማጣበቂያ ተሸፍኖ መገኘት አለበት። ከደረቀ በኋላ ደግሞ በሳንቲም ጠርዝ መታ መታ ያድርጉ። የያዘው ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው ይጮኻል።

መጋጠሚያና ጥግ

በሴራሚኮቹ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ የፕላስቲክ መስቀሎቹ የሚያገለግሉት ለዚህ ነው። ሴራሚክ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ክፍተት ካጣ ይገፋፋል። የክፍተቱ መሙያ ሲቦካ ውሃ አይብዛበት። ትርፉ ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ቀለሙንም ያዥጎረጉራል። ነጭ ሲሚንቶ ብቻውን ርካሽ ነው፤ ለመጋጠሚያ ተብሎ የተዘጋጀው ግን ከመሰንጠቅና ከመፈርፈር የተሻለ ይከላከላል።

ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት መስመርና ሁለት ግድግዳ የሚጋጠምበት ጥግ በሲሚንቶ አይሞላም። እዚያ ሲሊኮን ይገባል፤ እሱ ይለጠጣል። ቦታው ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ሲሊኮን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚያረጅ፣ መላቀቅ ሲጀምር ፍቆ መተካት ነው።

ለባለሙያ የሚተው

የሻወር ሂተርና ቦይለር ኤሌክትሪክ ለባለሙያ ይተው። እርጥብ ሰውነት ከኤሌክትሪክ ጋር ሲገናኝ ስሕተቱ አይመለስም። ባለሙያው መሬት የገባ መስመርና 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ማስገባቱን ግን ቆመው ይጠይቁ። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩ የውሃ ቧንቧዎችም ከመለሰናቸው በፊት በግፊት ይፈተኑ።

ሥራውን ለግንበኛ የሰጠ ሰውም ሁለት ቀን ከቦታው አይጥፋ፤ ውሃ መከላከያው የሚቀባበት ቀንና ወለሉ በውሃ የሚፈተንበት ቀን። ዋጋ ሲዋዋሉ የ24 ሰዓቱን ፈተና አብረው ይጻፉት፤ የሴራሚኩ ክፍያ ከፈተናው በኋላ ይሁን። ገንዘብ ካጠረ ከሴራሚኩ ዋጋ ይቀንሱ እንጂ ከመከላከያው አይቀንሱ። ርካሽ ሴራሚክ በደንብ በተቀባ ግድግዳ ላይ ዕድሜ ያገኛል፤ ውዱ ሴራሚክ ግን ሥሩ ካፈሰሰ ከነዋጋው ይነሣል።