ከኤልሳት ኮርስ ጓዳ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ኤልሳትን፣ ማለትም የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶችን መግቢያ ፈተና፣ ለዓመታት አስጠንቻለሁ። ሰሌዳው ፊት ቆመን የምንናገረው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ከወጣ በኋላ አስተማሪዎች እርስ በርስ የምንባባለው ሌላ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ሁለተኛውን ነው። ኮርሱን በኦንላይን ገዝተው፣ ከሥራ መልስ ብቻቸውን የሚታገሉ ልጆቻችን ይህን የሚነግራቸው አጥተው ገንዘባቸውም ጊዜያቸውም ሲባክን አይቻለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከጥናት ካላንደሩ ልጀምር። ኮርሱን ስትገዙ «የ12 ሳምንት ዕቅድ» የሚል ሠንጠረዥ ይሰጣችኋል። እኔ በሠራሁበት ቤት ያ ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ እዚያው ነበርኩ። ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ ቆጠርን፣ ትምህርቶቹን ለሳምንታቱ አካፈልን፣ በቃ። ሌሊት ሠርቶ የሚያድር ሰው አንዱን የጥያቄ ዓይነት እስኪገባው ስንት ቀን ይፈጅበታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ስለዚህ «ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርቻለሁ» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ ሳይ ያሳዝነኛል። የዘገየው ከሌሎች ክፍፍል ነው እንጂ ከራሱ ትምህርት አይደለም።

አንዲት ተማሪዬ ግን ከካላንደሩ ቀድማ ነበር የመጣችው። ማታ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበረች። «ጋሼ፣ ኮርሱን እኮ ጨረስኩት» አለችኝ። ቪዲዮዎቹን በሙሉ አይታለች። ውጤቱ ግን ከ120 እስከ 180 በሚለካው ፈተና 151፣ 150፣ ከዚያ ተመልሶ 151።

«እስቲ ደብተርሽን አምጪ» አልኳት።

የሳተቻቸውን ጥያቄዎች በሥርዓት መዝግባለች። ለምን እንደሳተች በጻፈችበት ዓምድ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች ያለው አንድ ቃል ነው፦ «ቸኩዬ ነው»፣ «ቸኩዬ ነው»፣ «ቸኩዬ ነው»። አንዱን መረጥኩና «ይቺን አሁን ሥሪያት፤ ሰዓት አልይዝብሽም» አልኳት። ተረጋግታ ሠራችው። በድጋሚ ሳተችው፤ የመረጠችውም ያንኑ የበፊቱን መልስ ነበር።

የጥያቄውን መልክ በራሴ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ከተማ የአውቶቡስ ዋጋ ቀነሰ፤ በዓመቱ የመኪና አደጋ ቀነሰ፤ ስለዚህ አደጋውን ያቃለለው የአውቶቡሱ ዋጋ ነው። ይህ ክርክር እንዲቆም የግድ እውነት መሆን ያለበት የትኛው ነው? አንዱ ምርጫ «መኪና ይነዱ የነበሩ ሁሉ ወደ አውቶቡስ ዞረዋል» ይላል። ሌላው «ዋጋው ባይቀንስ ኖሮ አደጋው በዚያው ልክ አይቀንስም ነበር» ይላል። እሷ የመጀመሪያውን የምትመርጥ ዓይነት ተማሪ ነበረች፤ ክርክሩን ስለሚያግዝ። ነገር ግን ሁሉም ባይዞሩ፣ ግማሾቹ ብቻ ቢዞሩ፣ ክርክሩ አይወድቅም። ሁለተኛውን ገልብጡት፦ ዋጋው ባይቀንስም አደጋው በዚያው ልክ ይቀንስ ነበር። ክርክሩ ያኔውኑ ፈረሰ። ቢኖር የሚጠቅም ሌላ፣ ከሌለ የሚያፈርስ ሌላ ነው። ደብተሯ ላይ «ቸኩዬ ነው» ካለቻቸው 11 ጥያቄዎች ውስጥ 6ቱ ይህቺው አንዲት ስህተት ነበረች።

ለዚህ ነው የጥናት ፍጥነት በቪዲዮ ብዛት አይለካም የምለው። ኮርሱ «80 በመቶ አጠናቀዋል» የሚል አረንጓዴ መስመር ያሳያችኋል፤ መስመሩ የሚቆጥረው ያያችሁትን ነው። ውጤት የሚጨምረው አንዲት የሳታችኋትን ጥያቄ ይዛችሁ 20 ደቂቃ ስትቀመጡ፣ ትክክለኛው መልስ ለምን ትክክል እንደሆነ፣ የቀሩት አራቱ ምርጫዎች እያንዳንዳቸው ለምን እንደሚወድቁ በራሳችሁ አፍ ስትናገሩ ነው። በዚህ አካሄድ በሳምንት አንድ ትምህርት ብቻ ብትጨርሱ አልዘገያችሁም።

ሁለተኛው ምክር አስተማሪዎች ለራሳችን ወንድምና እህት የምንነግረው ነው፦ ከአንድ ፈተና ሁለት ውጤት አውጡ። ሰዓት ይዛችሁ ስትሠሩ የተጠራጠራችሁበትን ጥያቄ ሁሉ ክበቡት። ስትጨርሱ መልሱን አትዩ። የከበባችኋቸውን ያለ ሰዓት እንደ አዲስ ሥሯቸው፣ ከዚያ ሁለቱንም አርሙ። ያለ ሰዓት የሠራችሁት ከፍ ብሎ በሰዓት የሠራችሁት ዝቅ ካለ ችግራችሁ ፍጥነት ነው፤ የሰዓት ልምምድ ያሻችኋል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ግን ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ክተቱትና ወደ መሠረቱ ተመለሱ። ያልገባን ነገር በፍጥነት መሥራት ስህተቱን ማላመድ ነው።

እውነተኞቹ የድሮ ፈተናዎች ደግሞ እንደ ዘር እህል ናቸው፤ በአንድ ክረምት በልታችሁ አትጨርሷቸው። በየቀኑ አንድ ሙሉ ፈተና እየሠራ፣ ሳያርም ወደሚቀጥለው የሚያልፍ ስንት ትጉህ ልጅ አይቻለሁ። በሳምንት አንድ ይበቃል፤ ቀጣዮቹ ሁለት ቀናት የማረሚያ ናቸው። በቀሩት ቀናት አንድ ክፍል ብቻ ሥሩ። አንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ነው፤ ከሺፍት በፊት ይገባል። እሁድ ስምንት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ አንዲት ክፍል ከነማረሚያዋ ትበልጣለች።

የድሮ መጽሐፍ በርካሽ ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ሎጂክ ጌምስ የሚባለው ክፍል ከፈተናው ወጥቷል። አሁን የሚቆጠሩት ሁለት ሎጂካል ሪዝኒንግና አንድ ሪዲንግ ኮምፕሪሄንሽን ናቸው፤ አራተኛው ለሙከራ የሚገባ፣ የማይቆጠር ክፍል ነው። በድሮው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጌምስ ያለውን ዝለሉት፤ የቀረው ዛሬም ይሠራል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤልሳክም ሎውሃብ በተባለው ገጹ ጥቂት እውነተኛ ፈተናዎችን በነጻ ይሰጣል። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ ከክፍያ ነጻ የሚያደርግ ፕሮግራም ስላለው ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

በአማርኛ ለምናስብ ሰዎች ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ። በኛ ቋንቋ ምክንያቱ ይቀድማል፣ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ስለዘነበ መንገዱ ረጥቧል» እንላለን። ኤልሳት ግን ድምዳሜውን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ አስቀምጦ ምክንያቱን ያስከትላል። ተማሪዎቻችን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ድምዳሜ አድርገው ሲይዙ ደጋግሜ አይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም ጥያቄ ሳትመልሱ፣ ድምዳሜውን ብቻ እየፈለጋችሁ ከሥሩ አስምሩ። ካላንደሩ ላይ ይህ ልምምድ የለም፤ ለኛ ግን ከሁሉ ይቀድማል።

ሰዓቱን የሚመለከተው ጥቂት ነው። በአንድ የሎጂካል ሪዝኒንግ ክፍል 25 ገደማ ጥያቄ አለ። መጀመሪያ ላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ይቀልላሉ፤ አሥሩን በ12 ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። የተጣበቀባችሁን እለፉት። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ስለዚህ አንድም ባዶ አትተዉ።

መቼ እንፈተን? በዕድሜ ዘመን የሚፈቀደው 7 ጊዜ ስለሆነ «ልሞክረው» ብሎ መግባት ዋጋ አለው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚያዩት በመጣበት ቅደም ተከተል ስለሆነ በመኸር ማመልከት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ጥቂት ነጥብ የስኮላርሺፕ በር ሊከፍት ይችላል። ሳይደርሱ ቸኩሎ መግባት ያንን በር በራስ እጅ መዝጋት ነው።

ያቺ ልጅ ካላንደሩን ትታ ከአራተኛው ትምህርት እንደገና ጀመረች። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ክፍል ሠርታ ሳታርም አመጣችልኝ። አራት ጥያቄዎች ከብባለች። አብረን አረምነው። የሳተችው ሦስት ነው፤ ሦስቱም ከክበቡ ውስጥ ናቸው፣ ከክበቡ ውጭ አንድም የለም። የሚያውቀውንና የማያውቀውን የለየ ሰው ተዘጋጅቷል ማለት ነው። «አሁን ተመዝገቢ» አልኳት።