እርጥብ እንጉዳይን ስለ ማጽዳትና ስለ ማብሰል

በሰሜን ተራሮች ከራስ ዳሸን ግርጌ የምትገኘው አምቢኮ ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች መንደር ናት። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንካበርና በጨነቅ በኩል ወደ ተራራው ጫፍ የሚጓዝ መንገደኛ የቧሂትን አቀበት ካለፈና የመሸሃን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ያድራል። ስንቁም በበቅሎ ተጭኖ ስለሚሄድ፣ በመካከሉ እርጥብ እንጉዳይ ያለበት እንደ ሆነ አያያዙ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የእንጉዳይ አካል ከመቶ 90 እጁ ያህል ውኃ ነው። ስለዚህ አየር በማያሳልፍ ላስቲክ ታሽጎ የዋለ እንደ ሆነ የገዛ ላቡ ያረጥበውና ያሟልጫል፤ ሽታውም ይለወጣል። በወረቀት ከረጢት ወይም በሳሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከጭነቱ አናት ላይ ይቀመጣል እንጂ ከድንችና ከሽንኩርት በታች አይጫንም።

ስለ አጠባው ብዙ ባለሙያዎች እንጉዳይን ውኃ ከነካው ይበላሻል እያሉ ይፈራሉ። ነገር ግን አሜሪካዊው የምግብ ጸሐፊ ሃሮልድ ማክጊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንጉዳይን ውኃ ውስጥ ነክሮ መልሶ በመመዘን የጠጣው ውኃ እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳይቷል። ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ ነበር ማለት ነው። በመጀመሪያ አፈር የያዘው የእግሩ ጫፍ በቢላዋ ይቈረጣል፤ ራሱም በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከሥሩ ያለው ሽንሽን ትል እንዳይኖርበት ይመረመራል። ከዚህ በኋላ በንጹሕ ውኃ ቶሎ ታጥቦ በጨርቅ ላይ ይንጠፈጠፋል። መታጠብ ያለበት ሊበስል ሲል ብቻ ነው፤ ታጥቦ ያደረ እንጉዳይ ፈጥኖ ይበላሻልና።

ሲበስልም ሰፊ መጥበሻ ይመረጣል። ተከታትፎ ሳይከደን በብርቱ እሳት ላይ ሲጣድ ውኃውን ያወጣል፤ ያ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ዘይትና ሽንኩርት ባይጨመርበት መልካም ነው። በአምቢኮ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ቅቅል ምግብ ሁሉ ከቈላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ውኃው ካለቀ በኋላ ግን ዘይቱ ከዚያ በላይ ስለሚግል ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር እንደ ማንኛውም የጾም ጥብስ ይጠበሳል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ከገበያ ስለ ተገዛ የእርሻ እንጉዳይ ነው። በክረምት ወራት በሜዳ ላይ የሚበቅለው፣ ባላገሩም የጅብ ጥላ የሚለው፣ ሌላ ነገር ነው። በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት መዠንግሮች የሚበላውን ከማይበላው የመለየት የቈየ ዕውቀት አላቸው፤ ይህ ዕውቀት በሌለበት ስፍራ ግን ሕፃናት ለቅመው ያመጡትን ወደ ድስት መክተት ከባድ አደጋ ነው። አማኒታ ፋሎይዴስ የሚባለው ዓይነት በብዙ አገር ሰው ገድሏል። መርዙ በማጠብ፣ በማድረቅም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም። ብር አብሮ ቀቅሎ መጥቈሩን ማየት፣ ወይም እንስሳ የበላውን ሰውም ይበላዋል ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ከንቱ ፈተናዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚያስፈራው የመርዙ መዘግየት ነው። የበላው ሰው ብዙ ጊዜ እስከ ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ምንም ሳይሰማው ይቈያል፤ ከዚያም ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ በማግሥቱ የተሻለው ይመስላል፤ ይህም ጉበቱ በሚጐዳበት ጊዜ ነው። ከአምቢኮ እስከ ደባርቅ ሐኪም ቤት ያለው መንገድ ረጅም ስለ ሆነ፣ የተሻለው መስሎ በታየ ጊዜ ጉዞውን ማቈየት አይገባም። በሽተኛውን የሚወስዱትም ሰዎች ከድስቱ የተረፈውንና በማጽዳት ጊዜ የተጣለውን የእግር ቍራጭ በወረቀት ጠቅልለው ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ።