ሸክላ የሚያትመው ማሽንና የውሃ ነገር

ሸክላ በሚያትም ማሽን ዙሪያ የሚነሣ ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ውሃ ላይ ያርፋል። ግድግዳው ይናዳል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ዕቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ምድጃ ውስጥ ይፈነዳል። ባለቤቱ መጀመሪያ ማሽኑን ይወነጅላል፣ ቀጥሎ የንድፉን ፋይል፣ በመጨረሻም አየርን። እኔ ከእነዚህ ማሽኖች አጠገብ ያየሁት ጥፋት ግን በአብዛኛው የተሠራው ማሽኑ ሳይበራ፣ ጭቃው ሲቦካ ነው።

ማሽኑ ራሱ ቀላል ነው። ጭቃ የተሞላ ቱቦ አለ፤ ጭቃውን የሚገፋ ፒስተን ወይም የታመቀ አየር አለ፤ ጫፉ ላይ ጭቃው የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ኖዝል አለ። ኖዝሉ ኮምፒውተሩ ያዘዘውን መንገድ እየተከተለ ጭቃውን እንደ ወፍራም ክር ይዘረጋና ዙር በዙር ይከምረዋል። ታሪኩም አጭር ነው። አድሪያን ቦውየር በእንግሊዝ ባዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ሬፕራፕ የተባለ ሥራ፣ ሰው ቤቱ ሊገጣጥመው የሚችል የስሪዲ ፕሪንተር ንድፍ በነፃ አደለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቤልጂየም አንትወርፕ ውስጥ አንፎልድ በሚል ስም የሚሠሩት ክሌር ዋርኒየርና ድሪስ ፌርብሩገን ከዚያ ዘር የሆነ ማሽን ወስደው፣ በፕላስቲክ ማቅለጫው ፋንታ ጭቃ የተሞላ ሲሪንጅ ገጠሙበት፤ በታመቀ አየርም ገፉት። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የሚሠራው ሸክላ ሠሪ ጆናታን ኪፕም የራሱን ማሽን ንድፍ ለሁሉም ክፍት አደረገ። ሥራቸውን ሳይሰስቱ በመስጠታቸው ብዙ ሰው ባለ ማሽን ሆኗል፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፕላስቲክ 200 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ከኖዝሉ ይወጣና በሰከንዶች ውስጥ በርዶ ይጠነክራል። ስለዚህ የፕላስቲክ ፕሪንተር ሁልጊዜ የሚያትመው በጠነከረ ነገር ላይ ነው። ሸክላ ይህ ዕድል የለውም። ከታች ያለው የመጀመሪያው ዙር ሲወጣ በነበረበት ልስላሴ ላይ እንዳለ፣ ከላይ የሚመጣበትን ሸክም ሁሉ ይሸከማል። ያው ጭቃ በጠባብ ቀዳዳ ለማለፍ ልስልስ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚቆም መሆን አለበት።

ሸክላ ይህን መቻሉ ነው እኔን የማረከኝ። የሸክላ ማዕድን ቅንጣቶች በአብዛኛው ከ2 ማይክሮን ያነሱ ጠፍጣፋ ነገሮች ናቸው። ውሃ በመካከላቸው ይገባና ያንሸራትታቸዋል፣ ያያይዛቸዋልም። ግፊቱ ከአንድ ልክ በታች እስከሆነ ድረስ ጭቃው ባለበት ይቆማል፤ ልኩ ሲታለፍ ይፈሳል፤ ግፊቱ ሲነሣለት እንደገና ይቆማል። ማንኪያ ላይ ያለ ድልህ ቢያዘነብሉት እንደሚቆይ፣ ሲጫኑት ግን እንደሚሄድ ማለት ነው። ያንን ልክ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ውሃ ነው፤ ደግሞም ጥቂት ውሃ ሲጨመር ልኩ በጥቂቱ አይወርድም፣ ያሽቆለቁላል።

አንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ ወገቡ የጠበበ፣ አፉ የሰፋ የማሰሮ ፋይል ይዛ መጥታ ሲታተም አጠገቧ ቆሜ ነበር። ማሽኑ እንዳይጨነቅ ብላ ጭቃው ላይ ውሃ አብዝታለች። ግማሽ ላይ ሲደርስ የታችኞቹ ዙሮች ወደ ውጭ ማበጥ ጀመሩ። በዙሮቹ መካከል የነበረው መስመር ጠፋ፤ ላዩ እርጥበት አውጥቶ አብለጨለጨ። ቀጥሎ ወገቡ በአንድ በኩል ሰመጠ። ኖዝሉ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውምና የታዘዘውን ክብ መዞሩን ቀጠለ፤ ግድግዳ በሌለበት ቦታ የወረደው ጭቃም እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ወደቀ። ተማሪዋ ወዲያው ላፕቶፗን ከፍታ የግድግዳውን ውፍረት መለወጥ ያዘች። ፋይሉ ግን ምንም አልነበረበትም። ያንኑ ፋይል በዚያው ማሽን፣ ጠንከር ባለ ጭቃ ደግማ ስታትመው እስከ አፉ ድረስ ቆመ።

ስለዚህ “አልወጣ አለኝ” ብላችሁ ውሃ የምታንቆረቁሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ቆዩ! መጀመሪያ ኖዝሉን አስፉት፤ በፕላስቲክ የለመዳችሁት 0.4 ሚሊ ሜትር ለሸክላ አይሠራም፤ 3 ወይም 4 ሞክሩ። ፍጥነቱን ቀንሱ። ከሁሉ በፊት ግን ጭቃውን እሹት። ተቀምጦ የከረመ ጭቃ ይጠጥራል፤ በደንብ ሲታሽ አንድ ጠብታ ሳይጨመርበት ይለሰልሳል። ውሃ የበዛበት ጭቃ ሌላ ጣጣም አለው። ግፊት ሲበረታበት ውሃው ከቅንጣቶቹ መሐል ሾልኮ ቀድሞ ይወጣል። መጀመሪያ የሚመጣው ቀጭን ጭቃ ይሆናል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃው የተጨመቀበት ደረቅ ነገር ነው። በዚህ ጊዜ ሰውዬው “አሁንም ደረቀብኝ” ብሎ ለሚቀጥለው ቱቦ ውሃ ይጨምራል!

የኔዘርላንዱ ዲዛይነር ኦሊቪየር ፋን ሄርፕት ነገሩን ከሌላው ጫፍ ያዘው። ጭቃውን ለማሽኑ ከማለስለስ፣ ማሽኑን ለጠንካራ ጭቃ የሚበቃ አድርጎ ሠራ፤ ዕቃዎቹም ረጃጅምና ቀጥ ያሉ ሆኑ። በኋላ ከድምፅ ዲዛይነሩ ሪኪ ፋን ብሩክሆፈን ጋር ሆኖ ዕቃው የሚታተምበትን ገበታ በድምፅ አንቀጠቀጠው፤ ንዝረቱ ግድግዳው ላይ ሽመና የመሰለ ጥለት ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ ረቂቅ ምልክት ጥርት ብሎ የሚቀረው የያዘውን ቅርጽ የማይለቅ ጭቃ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አየር። “ጭቃ ውስጥ አረፋ ከቀረ ምድጃ ውስጥ ይፈነዳል” የሚለውን ያልሰማ ሸክላ ሠሪ የለም። የሚያፈነዳው ግን ውሃ ነው። ያልደረቀ ዕቃ ቶሎ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱ ከውሃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ገንጥሎ ይወጣል። አንድም አረፋ የሌለበት ወፍራም ጭቃ ከረጠበ ይፈነዳል፤ በውስጡ ባዶ ቦታ የተተወለት የታተመ ዕቃ ግን በደንብ ከደረቀ በሰላም ይወጣል። መድኃኒቱ ዕቃውን ማድረቅ ነው፤ ከዚያም ምድጃውን ከ100 ዲግሪ በታች ለሰዓታት ማቆየት። የአረፋ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው። ቱቦው ውስጥ የታመቀች አረፋ ኖዝሉ ጋ ስትደርስ “ጷ” ብላ ትፈነዳና ግድግዳውን ትበጥሳለች። ስለዚህ ቱቦውን ስትሞሉ ጭቃውን እያድቦለቦላችሁ በኃይል ወርውራችሁ ጠቅጥቁት።

መሸማቀቅም ከውሃው ጋር ይመጣል። ሸክላ ሲደርቅና ሲቃጠል ከመቶ 10 ገደማ ሊያንስ ይችላል፤ ልኩ እንደ አፈሩ ዓይነት ይለያያል። ከመቶ 10 የሚሸማቀቅ ጭቃ ይዞ 100 ሚሊ ሜትር ክዳን የሚፈልግ ሰው 111 አድርጎ ማተም አለበት። ይህን ሳያሰላ ክዳንና ማሰሮ ከተለያየ ጭቃ የሚያትም ሰው ሲያጋጥመኝ ይከፋኛል፤ አስቀድሞ አንድ ትንሽ ዘንግ አትሞ፣ አቃጥሎ መለካት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

ሌላው ጠባዩ፣ ሸክላ በትእዛዝ ቀጥ አይልም። ሞተሩ ቢቆምም በቱቦው ውስጥ የታመቀው ግፊት ጭቃውን ማንጠባጠቡን ይቀጥላል። ስለዚህ ጥሩ ፋይል ሳይቋረጥ ከታች እስከ ላይ የሚሄድ አንድ መስመር ነው። ካሊፎርኒያ ያሉት ሮናልድ ራኤልና ቨርጂኒያ ሳን ፍራተሎ ግን ኖዝሉን ሆን ብለው ከግድግዳው ወጣ እያደረጉ፣ ጭቃው ቀለበት ቀለበት ሆኖ እንዲንጠለጠል ለቀቁት፤ ዕቃዎቹ በኪሮሽ የተሠሩ ይመስላሉ። ሌላው እንደ ብልሽት የሚቆጥረውን መንጠባጠብ ጌጥ አደረጉት።

በአገራችን ጀበናና ድስት የሚሠሩ እናቶች በአብዛኛው መንኮራኩር አይጠቀሙም፤ ጭቃ በጭቃ ላይ እየቀጠሉ፣ የታችኛው እስኪጠና እየጠበቁ ነው የሚያሳድጉት። ያ መጠበቅ ማሽኑ የጎደለው እውቀት ነው። ረጅም ዕቃ ሲታተም በየመሐሉ ማሽኑን ማቆም፣ ወይም የታችኛውን ክፍል በቀስታ አየር ማናፈስ የተለመደው ለዚህ ነው። ገል ወቅጦ ከጭቃው ጋር መቀላቀልም እንዲሁ ይሠራል፤ ገሉ ለውሃው መውጫ ይከፍታል፣ መሸማቀቁንም ይቀንሳል። ልሞ መነፋት ግን አለበት፤ ደቃቅ ካልሆነ ኖዝሉን ይዘጋል። ጣሊያን ማሳ ሎምባርዳ ውስጥ ዋስፕ የተባለው ድርጅትና አርክቴክቱ ማሪዮ ኩቺኔላ እ.ኤ.አ. በ2021 ቴክላ የተባለውን ቤት ከአካባቢው አፈር ሲያትሙ ጭቃው ውስጥ የሩዝ ገለባ ጨምረዋል፤ ጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ አበሻ ጭድ ለምን እንደሚገባ አይጠፋውም። ሁለት ክንዶች ያሉት ማሽን በ200 ሰዓት ሥራ እያንዳንዳቸው 12 ሚሊ ሜትር የሆኑ 350 ዙሮችን ከምሮ ጨረሰው።

ስለ ጽዳት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ኖዝሉን ሳያጥቡ ጥሎ መሄድ ለሚቀጥለው ሰው ድንጋይ ማውረስ ነው። ወለል ላይ የደረቀ ጭቃ በመጥረጊያ አይጠረግም፤ አቧራው ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ይጎዳልና በእርጥብ ስፖንጅ አንሡት። የተናደውን ዕቃ አትጣሉት፤ እሳት እስካልነካው ድረስ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ግን እንደረጠበ ውሃ ውስጥ አትክተቱት፤ ለቀናት ጓል እንደሆነ ይቀመጣል። ሰባብራችሁ ፀሐይ ላይ አጥንት እስኪሆን አድርቁትና ያን ጊዜ ውሃ ውስጥ ጨምሩት፤ ወዲያው መፈረካከስ ይጀምራል። በማግሥቱ ላዩ ላይ የቆመውን ውሃ ቅዱ፣ ዝቃጩን ጨርቅ ላይ አስጡና ጣት ላይ መጣበቁን ሲተው እሹት።