የሚመለሰው የአፍንጫ ሥጋና አዲሱ መርፌ



ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት የዘይላ ሲራራ ነጋዴዎች ያርፉባት በነበረችው በጀልዴሳ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ልጄ በአፍንጫው መተንፈስ ካቃተው ዓመታት አልፈዋል። የወተት ዕቃ ሲታጠን እንኳ አይሸተውም። ሥጋው ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና ወጥቶለት ተመልሶ በቀለ። አሁን ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን አዲስ መርፌ መጥቷል ብሎናል። ግመሎቹን እንሽጥ?»

ጥያቄው የብዙዎች ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም እንጽፋለን።

በፊታችን አጥንቶች ውስጥ ሳይነስ የሚባሉ ክፍት ቦታዎች አሉ። የውስጥ ሽፋናቸው ከ12 ሳምንት በላይ ሲቆጣ አብጦ የወይን ፍሬ የመሰለ ለስላሳ ሥጋ ሊያንጠለጥል ይችላል፤ ይህም ፖሊፕ ይባላል። ካንሰር አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ብዙ ጊዜ ከአስም ጋር አብሮ ይገኛል። ሥጋው ቢቆረጥም ቁጣው ካልበረደ ይመለሳል።

አዲሶቹ መርፌዎች የሚሠሩት በዚሁ ቁጣ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ለዚህ ሕመም የተፈቀደው ዱፒሉማብ ቁጣን የሚቀሰቅሱ ሁለት የሰውነት መልእክተኞች የሚገቡበትን በር ይዘጋል። በ2020 ኦማሊዙማብ፣ በ2021 ደግሞ ሜፖሊዙማብ ተከተሉ። ዱፒሉማብ በ724 ሕሙማን ላይ ሲፈተን ሥጋው አነሰ፤ የብዙዎችም ማሽተት ተሻሻለ። ነገር ግን በ24ኛው ሳምንት መርፌውን ያቆሙት ሰዎች ሕመም እንደገና መባስ ጀመረ። እንግዲህ መርፌው የአንድ ጊዜ ፈውስ አይደለም፤ በየሁለት ሳምንቱ ይወሰዳል፤ ዋጋውም በአሜሪካ በዓመት ከ30,000 ዶላር በላይ ነው። ግመሎቹ ቢሸጡ የጥቂት ጊዜ መርፌ ይገዙ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን መርፌውም ግመሉም አይኖርም።

ስለዚህ እኚህን እናት «አይሽጡ» አልናቸው። ጠይቀን እንደ ተረዳነው ልጁ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የታዘዘለትን የአፍንጫ መድኃኒት በሁለተኛው ሳምንት ትቶት ነበር። ይህ ወደ አፍንጫ የሚረጭ ስቴሮይድ ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በየቀኑ ሊወሰድ የሚገባው ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ ቡዴሶናይድ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ አፍንጫን ማጠብም ይረዳል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ሥጋውን ማንም በወረንጦ እንዳይጎትት አስተምሩ። በአንድ በኩል ብቻ የተዘጋ፣ የሚደማ ወይም ዓይን የሚያሳብጥ ከሆነ ሕመምተኛውን ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ላኩ። አስም ያለበት ሰው አስፕሪን ሲወስድ ትንፋሽ ካጠረው ዳግመኛ አይውሰድ፤ ለሐኪም ይንገር።

ምዕመናን ሆይ፣ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። መባችሁ ለአንድ ሕመምተኛ የሐኪም ቤት መጓጓዣና በየወሩ የማይቋረጥ መድኃኒት ቢሆንለት ትልቅ አገልግሎት ነው። ጌታ ይባርካችሁ።