አባት «ቤቱ ላንቺ፣ መሬቱ ላንተ» ብሎ ቢሞት ሕጉ ምን ይላል?

ኑዛዜ ስንል ብዙዎቻችን ሁለት ነገር እናደባልቃለን፤ ለንስሐ አባት የሚነገረውንና ንብረት የሚተላለፍበትን። አባት አልጋ ላይ ሲውል ካህን ይጠራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ «ቤቱ ላንቺ፣ መሬቱ ላንተ» ይባላል፤ በቃ፣ ያለቀ ይመስላል። ከአርባው በኋላ ግን ወንድምና እህት ፍርድ ቤት ይገናኛሉ።

«ይሄ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው» እንዳትሉ። በአማራ ክልል ሰፊው የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ልጅ የነበረ ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ዙሪያ ገበሬ ልጅ መሬት የሚያገኘው በአብዛኛው በውርስ፣ በስጦታ ወይም በኪራይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ለገጠር ወጣት ውርስ ማለት የኑሮ መነሻ ነው።

በቃል የተነገረ ኑዛዜ ይጸናል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስካሁን የምንጠቀምበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል።

1. በግልጽ የሚደረግ፦ ተናዛዡ ራሱ ወይም ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ግን በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፣ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። «ተነበበ» የምትለዋ ቃል ከተረሳች ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል።

2. በተናዛዡ እጅ የሚጻፍ፦ ምስክር አይፈልግም። ግን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይም ቀንና ፊርማ መኖር አለበት። በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

3. የቃል ኑዛዜ፦ ሞት መቅረቡን ያወቀ ሰው ለ2 ምስክሮች የሚናገረው ነው። በዚህ መንገድ ማዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር፣ ስለ ትናንሽ ልጆች ሞግዚትና አሳዳሪ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ሰውዬው ከዳነና 3 ወር ካለፈ ደግሞ ይፈርሳል።

አያችሁ? በቃል ብቻ ቤት አይወረስም። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ደግሞ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ኑዛዜ ከሌለስ?

ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ። ወንድ ሴት፣ ከጋብቻ ውስጥ የተወለደ ከውጭ የተወለደ የሚል ልዩነት የለም። «እሷማ አግብታ ወጥታለች» የሚባለው የሕግ መሠረት የለውም። ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ልጆቹ በእሱ ቦታ ይገባሉ።

ሚስት ወይም ባልስ? ከልጆች ጋር ተሰልፈው አይወርሱም፤ ከውርሱ በፊት ከጋራ ንብረቱ ግማሹን የራሳቸውን ያወጣሉ። ስለዚህ አባት መናዘዝ የሚችለው በራሱ ድርሻ ላይ ብቻ ነው። አንዱን ልጅ ከውርስ መንቀል ከፈለገም ምክንያቱን ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት።

የገጠር መሬት ለብቻው ነው

የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው። ስለዚህ ሕጉ የሚያየው መወለድን ብቻ አይደለም፤ ከመሬቱ ማን እየኖረ ነው የሚለውንም ነው። ይሄን የሚገዙት የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 እና አዲሱ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ናቸው። መሬቱ ላይ ያለው ቤትና ባሕር ዛፍ ግን የግል ንብረት ነው። ኑዛዜ ሲጻፍ መሬቱ፣ ዛፉ፣ ቤቱ፣ ከብቱ እየተለየ ቢዘረዘር ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል። ከመጻፉ በፊት ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ያዋጣል።

ከተማ ላይም አንድ ነገር እወቁ። ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ እንደነበረ ይቀጥላል። በሽያጭ ወይም በስጦታ ከተላለፈ ግን ወደ ሊዝ ይገባል።

ታዲያ መቼ ምን እናድርግ?

ስታገቡ፦ ጋብቻችሁን አስመዝግቡ። ከጋብቻ በፊት የነበራችሁን ንብረት ለይታችሁ ማስረጃውን ያዙ። የመሬት ደብተሩ ላይ የሁለታችሁም ስም መኖሩን እዩ።

ልጅ ሲወለድ፦ የልደት ምስክር ወረቀቱን ቶሎ አውጡ። ነገ ወራሽነት ሲጠየቅ የመጀመሪያው ማስረጃ እሱ ነው። እናንተ ብትሞቱ ልጁን ማን እንደሚያሳድገውም ጻፉ።

ልጆች ሲበታተኑ፦ ትልቁ ጠብ የሚወለደው እዚህ ጋ ነው። አንዱ እቤት ቀርቶ ያርሳል፣ ወላጅ ይጦራል። ሌላዋ አረብ አገር ሆና ብር ትልካለች፣ በአባቷ ስም ቤት ይሠራል። አባት ሲሞት በስሙ ያለ ቤት የሁሉም ልጆች ውርስ ሆኖ ይቆጠራል፤ የላከችው እህት ገንዘቡ የእሷ መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅባታል። ብር የምትልኩ ልጆች፣ የላካችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡ። አባታችሁ በሕይወት እያለም ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት።

ወላጅ ሲያረጅ፦ ኑዛዜ የሚጻፈው በጤና ነው። ሐሳብ ከተለወጠ እንደገና መጻፍ ይቻላል።

ሞት ሲመጣ፦ ሞቱ ይመዝገብ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይውጣ። ባንክም የሚጠይቃችሁ ይሄንኑ ነው። ያለመብቱ የያዘባችሁ ሰው ካለ አትዘግዩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የወራሽነት ክስ መብታችሁንና ንብረቱ መያዙን ካወቃችሁበት ጊዜ ጀምሮ በ3 ዓመት ይታገዳል።

እንዴት እናንሳው?

«ሞቴን ተመኘህ» መባልን ሁላችንም እንፈራለን። ስለዚህ በድርሻ አትጀምሩ፣ በወረቀት ጀምሩ። «አባዬ፣ የመሬት ደብተሩ የት ነው ያለው? ፎቶ ላንሳው፣ ቢጠፋ ይጠቅመናል» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፤ ደብተሩን፣ ካርታውን፣ የጋብቻና የልደት ወረቀቱን አንሡና አስቀምጡ። ፎቶው ዋናውን ወረቀት አይተካም፤ ግን ቁጥሩን ይዞ መፈለግ ያስችላል። ከዚያ ወሬው ራሱ ወደ ኑዛዜ ይመጣል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ አባቶቻችን? እስቲ ዛሬ ማታ ደብተሩ ያለበትን ቦታ ጠይቁ።