ቀን የምትነክሰው ትንኝ እና ቺኩንጉንያ

ስለ ወባ ከልጅነታችን የተማርነው ምክር አለ፦ ረግረጉን አድርቁ፣ ማታ አጎበር ውስጥ ተኙ። ምክሩ ትክክል ነው። ይህንን ብቻ ይዛችሁ ግን ቺኩንጉንያን መከላከል አትችሉም። ለምን?

ቺኩንጉንያ በትንኝ (በቢምቢ) የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው በ1952 እ.ኤ.አ. ደቡብ ታንዛንያ ውስጥ ነው። ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ሲሆን መጉበጥን ያመለክታል፤ ታማሚው መገጣጠሚያው ክፉኛ ስለሚያመው ጎብጦ ነው የሚሄደው። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ሽፍታም ይኖራል። ብዙዎች በሳምንት ገደማ ይሻላቸዋል፤ የአንዳንዶች የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ለወራት ይቆያል። ሰው የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው፤ ለጨቅላ ሕፃናትና ለአረጋውያን ግን ያሰጋል።

«የሩቅ አገር በሽታ ነው» እንዳትሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አልጋ ላይ ጥሏል።

አስተላላፊዋ ኤደስ ኢጂፕቲ ትባላለች። ጥቁር ናት፤ እግሮቿ ላይ ነጭ ቀለበቶች አሏት። አብዛኞቹ የወባ ትንኞች ማታ ሲነክሱ፣ ይቺኛዋ ቀን ነው የምትነክሰው። ረግረግም አያስፈልጋትም፤ ክዳን የሌለው በርሜል ወይም ግቢ ውስጥ የተጣለ ጎማ ይበቃታል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ የቧንቧ ውሃ በየቀኑ በማይመጣበት ሰፈር ውሃ ማጠራቀም ግዴታ ነው። ስለዚህ ዝናብ ባይኖርም እሷ መራቢያ አታጣም።

በርሜሉን ብንደፋውስ? አይበቃም። እንቁላሎቿን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብላ በበርሜሉ የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሎቹ ደርቀው ለወራት መቆየት ይችላሉ፤ ውሃ ሲያገኙ ይፈለፈላሉ። ሞቃት ቦታ ላይ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጉዞ አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይፈጃል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል። የውሃ ዕቃችሁን በየሳምንቱ ውስጡን ፈትጋችሁ እጠቡ፤ ከዚያ በደንብ ክደኑት። አሮጌ ጎማና ጣሳ አስወግዱ።

ቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ ቀንም ቢሆን አጎበር ውስጥ ይተኛ። ትንኟ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከነከሰችው ቫይረሱን ወስዳ ለጎረቤት ታደርሳለችና። ቫይረሱን ለይቶ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽና ፓራሲታሞል ይረዳሉ። አስፕሪን ግን ሐኪም ሳያዝ አትስጡ፤ ያቺው ትንኝ የምታስተላልፈው ደንጊም በምልክቱ ይመሳሰላል፣ ደንጊ ከሆነ ደግሞ አስፕሪን የመድማት አደጋን ይጨምራል።

እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ በርሜሉን ከፍታችሁ እዩት። ውሃው ውስጥ የሚወራጩ ትንንሽ እጮች ካሉ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት በፊት ሥራ አለባችሁ።