«በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» እና ሌሎች የቅነሳ ሰሞን ተረቶች

ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቃሊቲ አደባባይ ቆሞ ሰርቪስ የሚጠብቅ ሰው የሰፈሩን ኢኮኖሚ በጆሮው ይሰማል። የብረት ፋብሪካው የማታ ፈረቃ ቀረ፤ እነ እገሌ ያለ ክፍያ ዕረፍት ውጡ ተባሉ፤ በሚቀጥለው ወር «ስም ዝርዝር ይለጠፋል» አሉ። ወሬው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጥቅል ላሜራ ከውጭ አስመጥቶ ቱቦና ቆርቆሮ የሚያወጣ ፋብሪካ ለዚያው ዕቃ እጥፍ የሚጠጋ ብር ማዘጋጀት ግድ ሆነበት። አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ የእንዲህ ያለ ፋብሪካ አገር ነው።

ከወሬው ጋር ምክርም ይዞራል። ብዙው ከቅን ልብ ነው፤ ጥቂቱ ግን ከቅነሳው ከራሱ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

ከሁሉ የሚከፋው «ከመቀነስ ቀድሞ መልቀቅ ስም ያድናል» የሚለው ነው። አንድ የማውቀው በያጅ የሰው ኃይል ቢሮ ተጠርቶ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ገጽ የማይሞላ፣ ቀድሞ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ጠበቀው፤ «በግል ጉዳዬ ምክንያት ከዛሬ ጀምሮ በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» ይላል። የቀረችው የእርሱ ፊርማ ብቻ ናት። «ብትፈርም የሥራ ልምድህን አሳምረን እንጽፍልሃለን» አሉት፤ ፈረመ። የወሩን ደመወዝና ያልተጠቀመበትን የዓመት ፈቃድ ገንዘብ ይዞ ወጣ።

እስቲ የተወውን እናስላ። አራት ዓመት ሠርቷል፤ ደመወዙ 6,000 ብር ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። በግርድፉ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለሦስቱ ዓመታት ሌላ 6,000 ሆነ። ምክንያቱ የሠራተኛ ቅነሳ ወይም የድርጅቱ መዘጋት ሲሆን በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 12,000 ብር ይታከላል። ድምሩ 24,000 ብር ነው። በቅነሳ ጊዜ የሚሰጠው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ገና አልተቆጠረም። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ግን አምስት ዓመት ካልደፈነ ስንብት የሚባል ክፍያ አያገኝም። ጭራሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ከወጣ ካሳ ሊጠየቅ የሚችለው እርሱ ነው፤ «ከዛሬ ጀምሮ» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል።

ስምን ያድናል የተባለው የሥራ ልምድ ማስረጃስ? እርሱ ስጦታ አይደለም። አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜም ሆነ ውሉ ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ተቀንሶ ለወጣም ያው ነው። በያጁ 24,000 ብር የከፈለበት ወረቀት በሕግ የራሱ ነበር። ከፈረሙ በኋላ «አስገድደውኝ ነው» ማለት ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃውን ከየት ያመጣል?

«የቆየ ሰው አይነኩም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ ቅነሳ የሚለው ቢያንስ 10 በመቶ ሠራተኛ ሲነካ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው። ያን ጊዜ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር ተመካክሮ በቅድሚያ የሚያስቀረው ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያለውን ነው። የአገልግሎት ዘመንና የቤተሰብ ብዛት የሚመጣው ሁለት ሰዎች በችሎታ እኩል ሲሆኑ ነው። ስለዚህ አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ማሽን ላይ የቆየ ሰው በዕድሜው ብቻ አይተማመን። ጥሬ ዕቃ አልቆ ማሽን በቆመ ቀን ብዙው ሰው ጥላ ፈልጎ ካርታ ይጫወታል። እኔ ብሆን ያን ቀን ከቶርኖው ባለሙያ አጠገብ ነው የምገኘው፤ ሁለት ማሽን የሚያውቅ ሰው ከዝርዝሩ የሚወጣበት ምክንያት አያጣም። የሥራ አፈጻጸም ውጤቱንም ቅጂ ቤቱ ያስቀምጥ።

«እጄ ካወቀ ወረቀት ምን ይሠራልኛል» የሚል ባለሙያም አለ። በሩ ላይ «ማመልከቻ አንቀበልም» የሚል ፋብሪካ በበዛበት ሰሞን እጅህን የሚያይልህ የለም። በብቃት ምዘና፣ ሰፈሩ ሲኦሲ በሚለው፣ ለመቀመጥ ኮሌጅ መግባት ግዴታ አይደለም፤ በሥራ ላይ የለመደም ይመዘናል። ብየዳውን ከአጎቱ ጋራዥ የተማረ ሰው በደረጃው የምስክር ወረቀት መያዝ ይችላል።

ሹመትን በተመለከተ ደግሞ ማንም የማያወራው ጉዳይ አለ። በችግር ጊዜ «ኃላፊ አድርገንሃል» መባል ከቅነሳ የሚያድን ይመስላል። ነገር ግን 1156 የሥራ መሪን አይሸፍንም። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ ወይም የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከአዋጁ ጥበቃ ይወጣና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይተዳደራል፤ ከላይ ያሰላነው ሒሳብም ለእርሱ አይሠራም። የሚለየው የማዕረጉ ስም ሳይሆን የተሰጠው ሥልጣን ነው። ፎርማን የተባለ ሁሉ የሥራ መሪ አይደለም። ሹመት አትቀበል ማለቴ አይደለም፤ ጥቂት መቶ ብር ጭማሪ ብቻ አይተህ ከመፈረምህ በፊት የሥራ መዘርዝሩን አንብበው ነው የምልህ።

«ኮንትራት ስለሆንክ መብት የለህም» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ሕጉ በተለይ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በስተቀር ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥራል። በየስድስት ወሩ የሚታደስ ወረቀት ቋሚውን ሥራ ጊዜያዊ አያደርገውም።

ጡረታ ይጠፋል የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። ሥራ ሲለወጥ ከደመወዝ የተቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ አይጠፋም፤ በተለያየ ድርጅት የተሰጠ አገልግሎት ይደመራል። መመርመር ያለበት የተቆረጠው ገንዘብ በእርግጥ ገቢ መደረጉ ነው፤ ይህም ከመውጣት በፊት ነው፤ ከወጡ በኋላ መሯሯጥ ከባድ ነው።

ተቀንሰህ ከሆነ ክፍያህ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊሰጥህ ይገባል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር፣ ከስንብት የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። በያጁ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ቢሮ የሄደው በሰባተኛው ወር ነበር።